ቁልፉ በኪስ፣ ፈቃዱ በሰው እጅ

የተበላሸ የሞተር ኮምፒውተር ይወጣና ከሶማሌ ተራ የተገዛ ሌላ ይገባል። ሶኬቱ ልክ ነው፣ ብሎኑ ልክ ነው፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈው ቁጥርም ልክ ነው። ሞተሪኖው ያዞራል፤ ሞተሩ ግን ወይ ከነጭራሹ አይነሳም፣ ወይ አንድ ሁለት ሰከንድ ተነስቶ ቀጥ ይላል። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። «ይሄም አይሠራም» ተብሎ ዕቃው ይመለስና ሌላ ይመጣል። ያም ያው ነው። ባለመኪናውና መካኒኩ በሱቅና በጋራዥ መካከል ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ይሆናሉ።

ብዙውን ጊዜ እነዚያ የተመለሱት ኮምፒውተሮች ጤነኞች ናቸው። የማያውቁትን ቁልፍ «አላስነሳም» ያሉት የተፈጠሩበትን ሥራ እየሠሩ ስለሆነ ነው። ኢሞቢላይዘር የሚባለው የጥበቃ ዘዴ መኪናን ከሌባ ለማዳን መጣ፤ እያደር ግን መኪናውን ማን ሊጠግነው እንደሚችልም የሚወስን ሆነ። ቴክኒኩን የሚያውቁ ባለሙያዎች አገራችንም ውስጥ አሉ። መልስ ያጣው ፈቃዱን ማን፣ ለማን፣ በምን ማስረጃ ይሰጣል የሚለው ነው።

ጉዳዩ ለምን አሁን ከረረ?

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሎ ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ መንገድ ላይ ያለው ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላና ራቭ ፎር እንደ ድሮው ምትክ የሚመጣለት አልሆነም። ያለው መኪና ዕድሜው መራዘም አለበት።

የሞተር መታደስና የካምቢዮ መለወጥ ለጋራዦቻችን እዳው ገብስ ነው። ሃያ ዓመት ያለፈው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ግን ሌላ ጣጣ አለው። በቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ፈሳሽ ያወጣሉ፣ ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ላቫጆ ላይ በከፍተኛ ግፊት ሞተር ሲታጠብ የገባ ውኃ የሶኬቱን እግሮች ያዝጋል። ስለዚህ ኮምፒውተር መለወጥ ከቀን ወደ ቀን የተለመደ ጥገና እየሆነ ነው።

በዚህ ላይ የመኪኖቻችን መነሻ የተለያየ መሆኑ ይጨመራል። ቪትዝ በጃፓን፣ ያሪስ በአውሮፓ የተሸጠ አንድ መኪና ነው። አውሮፓ የሄደው በሕግ ግዴታ ኢሞቢላይዘር ይዞ ወጥቷል፤ ጃፓን የቀረው ግን እንዲህ ያለ ግዴታ ስላልነበረበት ብዙ ጊዜ ሳይኖረው ይገኛል። ከውጭ ሲታዩ የማይለዩ ሁለት መኪኖች ከውስጥ የማይገናኝ ኮምፒውተር ይይዛሉ ማለት ነው። የቶዮታ የሞተር ኮምፒውተር መለያ ብዙውን ጊዜ 89661 ብሎ ይጀምራል፤ ይህ የዕቃውን ዓይነት ብቻ ይናገራል። ከሰረዙ በኋላ የሚመጡት አምስት ፊደላትና አኃዞች ናቸው ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና መኪናው የተሠራበትን ገበያ የሚለዩት። እነሱን ሳያስተያይ የሚገዛ ሰው ሎተሪ ነው የቆረጠው።

ጥበቃው እንዴት ይሠራል?

በቁልፉ የፕላስቲክ ራስ ውስጥ ከጥራጥሬ የማትበልጥ ቺፕ ተቀብራለች። ባትሪ የላትም። ቁልፉ ሲገባ በቁልፍ ቀዳዳው ዙሪያ ያለው የሽቦ ቀለበት በ125 ወይም በ134.2 ኪሎኸርዝ ሞገድ ኃይል ይሰጣታል፤ እሷም ትነቃለች። ዘመናዊ በሆነው ዘዴ መኪናው በየጊዜው የሚለያይ ጥያቄ ይልካል፣ ቺፗም በውስጧ ባለው ምስጢራዊ ቁጥር አስልታ ትመልሳለች። መልሱ ከተስማማ የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጅና እሳት ይለቃል። ካልተስማማ ቁልፉ በብረቱ ቢገጥምም፣ ሞተሪኖው ቢያዞርም፣ ቤንዚን አይረጭም ወይም ካንዴላ አይተኩስም።

ጅማሮው ቀላል ነበር። ጀነራል ሞተርስ በ1986 እ.ኤ.አ. በኮርቬት ላይ የገጠመው ቁልፍ አንዲት ሬዚስተር ብቻ ነበረችው፤ አማራጮቹም 15 ነበሩ። የሕግ ግዴታ የሆነው ግን በአውሮፓ ነው፦ መመሪያ 95/56 ከጥቅምት 1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ሁሉ ኢሞቢላይዘር እንዲኖራቸው አስገደደ። አውስትራሊያ በ2001፣ ካናዳ በ2007 ተከተሉ። አሜሪካ እስካሁን አላስገደደችም።

ግዴታው ፍሬ አፍርቷል። ያን ቫን ኡርስና ቤን ቮላርድ የተባሉት ሆላንዳውያን የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ከ1995 እስከ 2008 ያለውን ጊዜ መርምረው፣ ግዴታው በኔዘርላንድስ የመኪና ስርቆትን በአማካይ 40 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ በ2016 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የግዴታው መቅረት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ አሜሪካ አሳየች። ከ2011 እስከ 2021 ለአሜሪካ ገበያ ከተሠሩት የኪያና የሃዩንዳይ ሞዴሎች ብዙዎቹ ኢሞቢላይዘር አልነበራቸውም። ከ2021 ጀምሮ ከሚልዋኪ ከተማ ተነስቶ በማኅበራዊ ሚዲያ የተዛመተ የስርቆት ማዕበል ተከተለ። የካቲት 2023 ላይ ኩባንያዎቹ 8.3 ሚሊዮን ለሚሆኑ መኪኖች የሶፍትዌር ማሻሻያ ሊሰጡ ተስማሙ፤ የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን በዚያው ወር ከጉዳዩ ጋር የተያያዙ ቢያንስ 14 ግጭቶችና 8 ሞት እንደተመዘገቡ ገለጸ። የእነዚሁ ኩባንያዎች የካናዳ መኪኖች ግን ሕጉ ስላስገደዳቸው ኢሞቢላይዘር ነበራቸው።

ስለዚህ «ይሄ ነገር ያስቸግራል፣ ነቅሎ መጣል ነው» የሚለው የጋራዥ ፍርድ ቶሎ የሚፈረድ አይደለም።

ምስጢሩ የት ተቀምጧል?

ጥገናው የሚከብደው ቁልፉን የሚያውቀው ዕቃ በየመኪናው ስለሚለያይ ነው። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ምስጢሩ እዚያው የሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ በኋለኞቹ ላይ ራሱን ወደቻለ ትንሽ ሳጥን ተዛውሯል። በብዙ ቮልስዋገኖች ከዳሽቦርዱ ጀርባ ነው፤ ስለዚህ የፍጥነት መቁጠሪያውን ባገለገለ ዕቃ የለወጠ ሰው መኪናውን ሳያውቅ ይቆልፋል። በቢኤምደብሊው ለብቻው የቆመ ሳጥን ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር በተስማሙበት ኮድ ይነጋገራል፤ በመርሴዲስ የቁልፍ ማስገቢያው ራሱ ኮምፒውተር ነው። «ኮምፒውተር ለወጥኩ» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር በአራት መኪኖች ላይ አራት የተለያየ ሥራ ነው።

መፍትሔዎቹም የዚያኑ ያህል ይለያያሉ። የመጀመሪያው በፋብሪካው መንገድ ማስተዋወቅ ነው። የተለየ የኢሞቢላይዘር ሳጥን ባላቸው ብዙ ቶዮታዎች ላይ አሠራሩ ያስገርማል፦ ከመሪው በታች ባለው የኦቢዲ ሶኬት ውስጥ 4ኛውና 13ኛው ቀዳዳ በአጭር ሽቦ ይገናኛሉ፣ ቁልፉ ሞተሩ ሳይነሳ ኦን ላይ ይደረጋል፣ ከዚያ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። በዚያ ግማሽ ሰዓት ሳጥኑና አዲሱ ኮምፒውተር ይተዋወቃሉ። የሚያስፈልገው ሽቦ ጥቂት ሳንቲሜትር ነው፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ግን ብዙ ጋራዥ የለውም። ባትሪው ደካማ ከሆነ ደግሞ ሥራው መሀል ላይ ይቋረጣል፤ ቻርጀር ሰክቶ መጀመር የሚበጀው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የአሮጌውን ማንነት ወደ አዲሱ ማዛወር ነው። ይህ የብየዳ ጠረጴዛ ሥራ ነው። የሁለቱም ኮምፒውተር ክዳን ይከፈታል፤ በቦርዱ ላይ ስምንት እግር ያላት ትንሽ የሚሞሪ ቺፕ ትፈለጋለች፤ በብዙ ቶዮታዎች የ93ሲ56 ወይም የ93ሲ66 ዓይነት ናት። እርጥበት እንዳይገባ የተቀባው ቫርኒሽ በጥንቃቄ ይፋቃል፣ ቺፗ በክሊፕ ተይዛ ወይም በሙቅ አየር ተነስታ ትነበባለች። ጥሩ ባለሙያ አንዴ አንብቦ አያምንም። ሁለት ሦስት ጊዜ አንብቦ ቅጂዎቹን ያስተያያል፤ አንድ አኃዝ ከተለያየ ክሊፑ አልያዘም ማለት ነው። ከዚያ የአዲሱን ኮምፒውተር የራሱን ቅጂ ያስቀምጥና የአሮጌውን ይጽፍበታል። ቅጂ ሳያስቀምጥ የሚጽፍ ሰው መመለሻ መንገዱን ዘግቶ ነው የሚሄደው። ይህ መንገድ ከሁሉም ንጹሕ ነው፦ ጥበቃው እንዳለ ይቆያል፣ ቁልፎቹ እነዚያው ናቸው፣ ለባለመኪናው የሚለወጥበት ነገር የለም። የሚሠራው ግን የአሮጌው ኮምፒውተር ሚሞሪ ካልሞተ ብቻ ነው። የተቃጠለውን ኮምፒውተር ለቁራሌው መሸጥ ወይም ጋራዥ ጥሎ መሄድ የማይገባው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ኮምፒውተሩን፣ የቁልፍ ማስገቢያውንና ቁልፉን ከአንድ መኪና አብሮ ማምጣት ነው። ይሠራል፤ በሩንና ሞተሩን የሚከፍቱት ቁልፎች ግን ሁለት ይሆናሉ። አራተኛው «ኢሞ ኦፍ» የሚባለው ነው፤ በኮምፒውተሩ ፕሮግራም ላይ ቁልፍ የሚጠይቀውን ክፍል ማጥፋት። ርካሽና ፈጣን በመሆኑ በብዙ ጋራዥ ተመራጭ እሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መኪናዋን ሽቦ ማገናኘት የሚያውቅ ሁሉ ያስነሳታል። መኪናዋ ስትሸጥ ገዢው ይህን አያውቅም፤ የሚነግረውም የለም።

ሳይለወጥ የሚድን ኮምፒውተር

እዚህ ሁሉ ውስጥ ከመገባቱ በፊት ኮምፒውተሩ በእርግጥ መሞቱ መታወቅ አለበት። የመመርመሪያ ማሽኑ ከኮምፒውተሩ ጋር መነጋገር አቃተው ማለት ኮምፒውተሩ ሞተ ማለት አይደለም፤ ምናልባት መብራት አልደረሰውም። የተቃጠለ ፊውዝ፣ የማይዘጋ ሪሌ፣ የዛገ የቦዲ ሽቦ ወይም ሞተሪኖው ሲያዞር የሚወድቅ ባትሪ ያንኑ መልክ ያሳያሉ። ከሴንሰሮቹ አንዱ ሾርት አድርጎ የ5 ቮልቱን መስመር ከጣለው ጤነኛው ኮምፒውተር ከነሕይወቱ ድምፁ ይጠፋል። ሴንሰሮቹን በየተራ መንቀል የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያለ ነገሩ የተገዛ ኮምፒውተር ግን የወራት ደመወዝ ይበላል።

የብልሽት ኮዶቹም አንድ ዓይነት ወሬ አያወሩም። ፒ 0606 የኮምፒውተሩን የራሱን ውስጥ ይጠረጥራል። ዩ 0100 ከኮምፒውተሩ ጋር ግንኙነት ተቋርጧል ይላል፤ ጥፋቱ ሽቦ ሊሆን ይችላል። በቶዮታ ቢ 2799 የሚጠቁመው ወደ ኢሞቢላይዘሩ ነው፤ ይህ ከወጣ ሌላ ኮምፒውተር መግዛት ችግሩን ያባዛዋል እንጂ አይፈታውም። የቀለበት አንቴናው መቋረጥ ወይም የቁልፉ ቺፕ መውደቅም ያንኑ «አልነሳም» ያመጣል፤ ሁለተኛ ቁልፍ ካለ በአንድ ደቂቃ ይለያል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ መጀመሪያ የተለወጠው ኮምፒውተር መጨረሻ ላይ ያለ ጥፋቱ ተለውጦ ይገኛል።

ገዳዩም ብዙ ጊዜ ሰው ነው። ባትሪ ሳይነቀል የተበየደ ቦዲ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገላብጦ የተሰጠ ጃምፕ፣ ማብሪያው ሳይጠፋ የተነቀለ ሶኬት ጤነኛ ኮምፒውተር ይገድላሉ። የመጀመሪያውን ለመግደል የበቃው አዲሱንም ይገድላል፤ የመጀመሪያው ለምን እንደሞተ ሳይታወቅ ሁለተኛው መግባት የለበትም።

ጥበቃው የሚከለክለው ማንን ነው?

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። አምራቾች የማስተዋወቂያ ኮዶቹን የሚደብቁት «ሌባ እጅ እንዳይገባ» በሚል ነው። ታሪኩ ግን ድብቅነት ብቻውን ጥበቃ እንዳልሆነ ይመሰክራል። በ2005 እ.ኤ.አ. የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና የአርኤስኤ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በፎርድ መኪኖች ላይ የነበረውን የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባለ40 ቢት ቺፕ ሰበሩ። በ2012 ሂታግ 2 የተባለው ተከተለ። በ2013 ሜጋሞስ የተባለውን ቺፕ ድክመት ያገኙ የበርሚንግሃምና የናይሜኸን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን እንዳያሳትሙ ቮልስዋገን ከለንደን ፍርድ ቤት ዕግድ አወጣባቸው፤ ጽሑፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ተቀንሶለት በ2015 ወጣ። ድክመቱ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ መኪኖቹ ውስጥ ነበር።

እኛን በቀጥታ የሚነካው የ2020ው ነው። የሉቨንና የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዲኤስቲ 80 የተባለውን ቺፕ ሲፈትሹ፣ ቶዮታ የተጠቀመበት ምስጢራዊ ቁጥር ከቺፑ ተከታታይ ቁጥር የሚሰላ ሆኖ አገኙት። ተከታታይ ቁጥሩን ደግሞ ቁልፉ ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል። ከተጠቀሱት ሞዴሎች መካከል በየመንገዳችን የምናያቸው ኮሮላ፣ ያሪስ፣ ራቭ ፎርና ሃይሉክስ ይገኛሉ። በ2022 ደግሞ ለንደን ውስጥ የሳይበር ደኅንነት ባለሙያው የኢያን ታቦር ራቭ ፎር ተሰረቀች፤ ምርመራው ሌቦቹ በፊት መብራቱ ሽቦ በኩል ወደ መኪናው የውስጥ መገናኛ መስመር ገብተው ቁልፉን ጨርሶ እንዳለፉት አሳየ።

የተካነ ሌባ መግቢያ አያጣም ማለት ነው። በር ላይ የሚቆመው ሊብሬውን ይዞ የሚለምነው ባለቤትና እሱን ሊረዳ የሚፈልገው መካኒክ ነው። አገር ውስጥ ካለ ወኪል ያልተገዛ መኪና ያለው ሰው ኮዱን የሚጠይቀው ማንን ነው? ጃፓን ያለው ሻጭ አያውቀውም፤ ዱባይ ያለው መጋዘን አያውቀውም። ያለው ምርጫ የጀርባ በር ነው፤ የጀርባ በሩን የሚከፍተው መሣሪያ ደግሞ ሌባው ከሚጠቀምበት ጋር አንድ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ኮምፒውተር ከቁልፉ ጋር መተሳሰሩ አንድ የተረሳ ጥቅም ነበረው፦ የተሰረቀ ኮምፒውተር ለሌላ መኪና ስለማይሆን ዋጋ አይኖረውም። መኪናው በቆመበት ስፖኪዮው በሚሰረቅበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጥያቄ ሳይጠየቅ «ኢሞ ኦፍ» በተደረገ ቁጥር ግን ለተሰረቀ ኮምፒውተር ገበያ ይከፈታል። ዛሬ ርካሹን ጥገና የመረጠው ባለመኪና ነገ የራሱ ኮምፒውተር ተነቅሎ የሚያድርበትን ገበያ እየመገበ ነው።

ሰውን ማወቅ ይቀላል

ሌሎች አገሮች የደረሱበት መልስ መረጃውን ከመቆለፍ ይልቅ የሚቀበለውን ሰው መመዝገብ ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የጥገና መብት ሕግ በ2012 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ አምራቾች በ2014 አሠራሩን በመላ አገሪቱ ሊቀበሉት ተስማሙ። የቁልፍና የኢሞቢላይዘር ኮድ ግን ለማንም አይሰጥም፤ ናስትፍ በተባለው ተቋም ታሪኩ ተጣርቶ የተመዘገበ ባለሙያ ኮዱን ሲወስድ የባለቤትነት ማስረጃ መያዝ አለበት፣ እያንዳንዱ ጥያቄም በስሙ ይመዘገባል። አውሮፓም ሰርሚ በተባለ ሥርዓት ነጻ ጋራዦችን እየመረመረ ፈቃድ ይሰጣል። ሌባ ስሙን አስመዝግቦ አይሰርቅም።

ይህን እኛ ጋ ለማምጣት ከባዶ መነሳት አያስፈልግም። ሊብሬ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይይዛል፤ አሠራሩም ሕዝቡም ለምዶታል። የጎደለው ኢሞቢላይዘር የሚነኩ ባለሙያዎች ተመዝግበው፣ ሊብሬና መታወቂያ አይተው፣ የወጣውንና የገባውን ኮምፒውተር ቁጥር የሚጽፉበት መዝገብ ነው። እርግጥ ለሁሉም መኪና አንድ ቀመር አይሠራም። በአውሮፓ መኪኖች ኮምፒውተር ውስጥ ባለ17 ፊደልና አኃዝ የሻንሲ ቁጥር ተጽፎ ሊገኝ ይችላል፤ ከጃፓን ገበያ የመጣችው ቪትዝ ግን እንደ ኤስሲፒ10 ባለ አጭር የሻንሲ መለያ ነው የምትታወቀው። እዚያ ላይ መዝገቡ የግድ በወረቀት መደገፍ ይኖርበታል። «ወረቀት በዛብን» የሚል ቅሬታ እንደሚነሳም አያጠራጥርም፤ ነገር ግን በዚህ መዝገብ ከማንም በላይ የሚጠቀመው ሐቀኛው ባለሙያ ነው፤ ዛሬ ከሌባ ጋር በአንድ ዓይን የሚታየው እሱ ነውና።

ባለመኪናውም የድርሻውን ሊያደርግ ይችላል። መኪና ሲገዛ ሁለት ቁልፍ መጠየቅ፣ አንድ ብቻ ከሆነ እሱ ሳይጠፋ ሁለተኛ ማሠራት። በአሮጌ ቶዮታዎች ራሱ ጥቁር የሆነው ዋና ቁልፍ ነው ሌላ ቁልፍ ማስመዝገብ የሚችለው፤ ግራጫው አይችልም። ኮምፒውተር ከተለወጠ ደግሞ ከአራቱ በየትኛው መንገድ እንደተሠራ ደረሰኙ ላይ ማስጻፍ፤ «ኢሞ ኦፍ» ከሆነ ማወቅና በሌላ መቆለፊያ መተካት።

የሚመጣው ከዚህ ይከብዳል

የነዳጅ መኪና በመከልከሉ ይህ ችግር አብሮ የሚያረጅ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ የሚተዋወቀው ቁልፍና ሞተር ብቻ አይደለም፤ ባትሪው፣ ቻርጀሩና ኢንቨርተሩ የየራሳቸው ኮምፒውተር አላቸው፣ ብዙዎቹም እርስ በርስ ካልተስማሙ መኪናው አይንቀሳቀስም። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 155፣ በተቀበሉት ገበያዎች፣ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዳዲስ መኪኖች የሳይበር ጥበቃ ግዴታ አድርጓል። ጥበቃው በበረታ ቁጥር ስምንት እግር ያላትን ቺፕ በክሊፕ ይዞ ማንበብ የሚባለው ነገር ይቀራል፤ ፈቃዱ የሚመጣው ከአምራቹ ሰርቨር ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ የሚነዱት እንደ ቮልስዋገን አይዲ 6 ያሉ መኪኖች ደግሞ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው።

አሮጌዋን ቶዮታ ያዳናት ድክመቷ ነው፤ የተሰበረ ጥበቃ ስለነበራት መካኒኮቻችን ያለ ማንም ፈቃድ አስነሷት። አዲሶቹ ያን ዕድል አይሰጡም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና በገፍ እንዲገባ የፈቀደ መንግሥት ከአስመጪው ከቀረጥና ከታክስ ጋር አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፦ ዕቃ ሲለወጥ የሚያስተዋውቀው መሣሪያና የአምራቹ ፈቃድ አገር ውስጥ አለ ወይ? መልሱ «የለም» ከሆነ፣ ገዢው የገዛው አንድ ዕቃ እስኪበላሽ ድረስ የሚነዳ መኪና ነው፤ ያንንም ዋጋ ሳይከፍል ማወቅ ይገባዋል።